የጉሬዛዎቹ ዋስ

ባለፈው መስከረም መሮዬን፣ መጋዜንና መዶሻዬን ለካምፑ ዕቃ ቤት አስረክቤ ኮሌጅ ገባሁ። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፈው ጡረታ የወጣ ሰው ነው ይባላል፤ እኔ ግን ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ድፍረት ከመሰለ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። በመንገድ ሥራ አናጢነት ያሳለፍኩት ዘመን ግን አልቋል፤ ወደዚያ ሥራ አልመለስም። ያለቀ ነገር ደግሞ ሳይረሳ ቢጻፍ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። በተለይ አንድ ነገር አለ፤ እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ክው ያደርገኛል። ለክፍል ጓደኞቼ ባወራላቸው "ተረት ነው" አሉኝ። ተረት አይደለም። በአገው ምድር፣ ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ዳንግላ ካምፕ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ከአባቴ ጋር እርሻ ላይ ነበርኩ። የካምፑ ሰዎች እንጨት የሚያውቅ ወጣት ሲፈልጉ፣ አባቴ ሞፈርና ቀንበር እንደምጠርብ ነግሮ አስቀጠረኝ። የመጀመሪያው ካቦዬ ድምፁ ከመኪና ጥሩንባ የሚበልጥ ሰው ነበር። ሚስማር ሲጣመም ሚስማሩ ላይ ይጮህ ነበር። "ምን ያጎብጥሃል? ቀጥ በል!" ይለዋል፤ እኛ ለእኛ እየመሰለን ቀጥ እንላለን። እዚያ የተማርኩት ሲሚንቶ የሚፈስበትን የሳንቃ ቅርጽ መግጠም ነው። ሲሚንቶው ሲጠነክር ቅርጹ ይፈርሳል። የደከምኩበት ሥራ ሁሉ በማግስቱ እየተነቀለ ሲከመር መጀመሪያ ላይ በጣም ደንግጬ ነበር። ቀጥሎ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ተላክሁ፤ እዚያ ጅረት ላይ ትንንሽ የእንጨት ድልድይ እንሠራ ነበር። ደሞዙ ለቀለብ በቅቶ ለጫማ አይደርስም፤ ስለሱ ይህን ካልኩ ይበቃል። ከግምጃ ቤት ደግሞ ወደ እንጅባራ ካምፕ ተዛወርኩ።

የእንጅባራ አናጢዎች አለቃ ጋሽ ስማቸው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ትንሽ የሚያነክሱ ሰው ናቸው። አማርኛም አገውኛም ይናገራሉ፤ ለእንጨት ግን ሁልጊዜ በአገውኛ ነው የሚያንሾካሹኩት። አዲስ ግንድ ሲመጣ ሜትር ከማውጣታቸው በፊት በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። "ባዶ ነው" ካሉ ቢሰነጠቅ ውስጡ ባዶ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ሲወጡ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ "እግር ያላየውን እጅ አይሠራውም" ይላሉ። የእንጨት ችንካር በሚበቃበት ቦታ ሚስማር የመታ ሰው ያን ቀን ከእሳቸው ጋር ምሳ አይበላም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ልማዳቸው ግን ይህ ነው። ድልድይ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ የመጀመሪያው የጭነት መኪና ሲሻገር፣ ጋሽ ስማቸው ከድልድዩ ሥር ገብተው ይቆማሉ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን መኪናው ከላይ እየጮኸ አለፈ፤ ከሳንቃዎቹ መካከል አፈር ተራገፈባቸው። ሲወጡ፣

"ጋሼ፣ ቢወድቅስ?" አልኳቸው።

"ቢወድቅማ እኔን ከመፈለግ ትድናላችሁ" አሉና ቆባቸውን አራገፉ።

ከካምፑ ብዙ ሳይርቅ መንገዱ የአንዲት ቤተ ክርስቲያንን ደን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ከላይ በኩል ደብሩ አለ፤ ከታች በኩል ደኑ እየወረደ እስከ ወንዙ ይደርሳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ትልልቅ ዝግባና ብሳና ቆመው ቅርንጫፎቻቸው ከላይ ተቃቅፈው ነበር። ለዓይን ደስ ይላል፤ ለመኪና ግን መቅሠፍት ነው። ፀሐይ ስለማይገባ ጭቃው በጋውን ሙሉ አይደርቅም። እኔ እንጅባራ በገባሁበት ዓመት አንድ አውቶቡስ እዚያ ተንሸራቶ ተገለበጠ፤ የተጎዱትን ሰዎች ያወጣነው እኛ ነን። ስለዚያ መጻፍ አልችልም። ከዚያ በኋላ ዛፎቹ ይቆረጡ የሚል ትእዛዝ ይዘው መሐንዲሱ መጡ። ወጣት፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ የሰው ንግግር አያቋርጡም።

ችግሩ ጉሬዛዎቹ ነበሩ። በዚያ ደን የሚኖሩት ጉሬዛዎች ጥቁር ሆነው ከትከሻቸው ነጭ ካባ የሚመስል ጠጉር ይወርዳል፤ ስለዚህ የአካባቢው ሰው "መነኮሳቱ" ይላቸዋል። በበጋ ቅጠል ፍለጋ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል ወደ ደብሩ ይመለሳሉ። "ሱባኤ ሊገቡ ነው" ይላል ሰው፣ ግማሹ እየቀለደ፣ ግማሹ ከልቡ። መሬት መርገጥ አይወዱም፤ ሲወርዱም ሲወጡም መንገዱን የሚያቋርጡት በእነዚያ በተቃቀፉት ቅርንጫፎች ላይ ነበር።

መሐንዲሱ የደብሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው የአውቶቡሱን ነገር አስረዱ። ቄሰ ገበዙ፣ የደብሩ ንብረት ኃላፊ የሆኑ ሽማግሌ ቄስ፣ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣

"ሰው ከሚሞት ዛፍ ይቆረጥ፤ ይሁን" አሉ። "መነኮሳቱስ በምን ይሻገሩ?"

ከሠራተኞቹ አንዱ "ቲኬት ቆርጠው በአውቶቡስ!" አለና ሳቅን። ቄሰ ገበዙ አልሳቁም። ጋሽ ስማቸውም አልሳቁም።

"ድልድይ እሠራላቸዋለሁ" አሉ ጋሽ ስማቸው።

"ዋስህ ማነው?"

"እኔው ነኝ።"

"ሰው ለራሱ ዋስ አይሆንም።"

"ለራሴ አይደለም አባ፤ ለድልድዩ ነው ዋስ የምሆነው።"

ሽማግሌዎቹ በአገውኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ቄሰ ገበዙ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጋሽ ስማቸው በመዳፋቸው የቄሱን መዳፍ መቱ። በእኛ አገር ዋስትና እንዲህ ይታሰራል፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀት አያስፈልግም። እኔ በልቤ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

ድልድዩን የሠራነው በእንጅባራ ደጋ ቀርከሃ ነው። ጋሽ ስማቸው ቀርከሃ ሲመርጡ አብሬ ሄጃለሁ። አረንጓዴውን ይተዉታል፤ ገላው ላይ ሽበት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ያለውን ብቻ በመጥረቢያ ጀርባ ይመቱታል። የደብር ደወል ዓይነት ድምፅ ሲሰጥ "ይሄ ጎልማሳ ነው" ይላሉ። ሁለት ረጃጅም ዘንግ ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው አጫጭር ቁራጭ እንደ መሰላል፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሳይቆረጡ ከሚተዉት ሁለት ዝግባዎች ጋር የሚታሰር።

ነገሩ የተበላሸው ማሰሪያው ላይ ነው። መሐንዲሱ "ሽቦ እሰጣችኋለሁ" ብለው ነበር።

"ሽቦ ቀርከሃ ይበላል ጌታዬ" አሉ ጋሽ ስማቸው። "ደግሞ የሚይዘው የፍጥረት እጅ ነው፤ ይቆርጠዋል።"

"ታዲያ በምን ይታሰር?"

"በጠፍር።"

ሁላችንም "በጠፍር!" አልን። ሁላችንም የገበሬ ልጆች ነን። በሬ ጎትቶ ያልበጠሰውን ጠፍር ማን ይጠረጥረዋል? መሐንዲሱ "ዝናብ ሲመጣስ?" ብለው ሲጠይቁ፣ አንዱ ጓደኛችን "ጌታዬ፣ እኛ አገር እኮ የሚታረሰው በዝናብ ነው" አላቸው፤ ተሸንፈው ዝም አሉ። እርጥቡን የበሬ ቆዳ ቀደን፣ ጠምዝዘን፣ በእግራችን እየረገጥን አሰርነው። በጥር ፀሐይ ሲደርቅ እንደ አጥንት ጠነከረ። በመዶሻ ሲመታ ይጮኻል።

ከዚያ ዛፎቹ ተቆረጡ። ጉሬዛዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ እስከ ጫፍ መጥተው ተመለሱ። አንድ ጠዋት ግን ትልቁ ወንድ እጁን በቀርከሃው ላይ አሳረፈ፤ ነቀነቀው፤ ተራመደ። ሌሎቹ ተከተሉት። ጋሽ ስማቸው እንደ ልማዳቸው ከሥር ቆመው ነበርና አንዲቱ ከላይ ሸናችባቸው። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ መሬት ላይ ወደቀ። እሳቸው ፊታቸውን እየጠረጉ "ዝም በሉ፤ መነኮሳቱ ጠበል ረጩኝ" አሉ። ያን ቀን እንደ እሳቸው የተደሰተ ሰው አላየሁም።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ቀን ከሌት ወረደ። ያን ጠዋት ከድልድዩ አጠገብ ቦይ እየጠረግን ነበር። የትልቁ ጉሬዛ ጩኸት ከታች ሲመጣ ቀና ብለን አየን፤ ወደ ደብሩ ሊመለሱ ነው። ወንዱ ተሻገረ። ከኋላው የተወሰኑት ተሻገሩ። ቀጥሎ ልጅ ያቀፉት እናቶች መካከል ላይ ሲደርሱ ድልድዩ እንደሚጨመቅ ጨርቅ ተጠመዘዘ። ምንም ድምፅ አላሰማም። ጠፍሩ አልተበጠሰም፤ ላላ እንጂ። ዘንጎቹ አንድ በአንድ ከማሰሪያቸው እየወጡ ወረዱ፤ ጉሬዛዎቹም አብረው።

በዚያው ቅጽበት ሙላት የሚባለው ሹፌር ከጫግኒ እህል ጭኖ ኩርባውን ዞረ። ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ግን በጭቃው ላይ ቀስ ብሎ፣ የሚቆምም የማይቆምም መስሎ ተንሸራተተ። አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ሰክቶ ሲቆም መንገዱ ላይ ሁለት ጉሬዛዎች ተዘርግተው ነበር። አንዷ ከፊት ጎማው ሥር። ሌላዋ ወድቃ የሞተች። የቀሩት ወደ ታች ሸሽተዋል።

ወድቃ በሞተችው ደረት ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ነጭ ነው፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ። የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ ነጭ መሆኑን እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር። የእናቱን ጠጉር ይዞ አንገቱን ያዞራል። ማንም አልተነቃነቀም። እኔም አካፋ ይዤ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ከላይ፣ ከደብሩ በኩል፣ ቀድመው ከተሻገሩት አንዷ ሴት ጉሬዛ ከዛፉ ወረደች። መሬት የማይረግጥ ፍጥረት ነው ብያለሁ። በመካከላችን፣ በጭቃው ላይ፣ ሰውን ሁሉ እንደ ጉቶ ቆጥራ መጣች። በእኔና በመኪናው መካከል አለፈች። ሕፃኑን ከሬሳው ላይ አነሳች፤ ሆዷ ላይ ለጠፈች፤ በመጣችበት ተመለሰች።

ሙላት ከመኪናው ወርዶ "እኔ አላየኋቸውም! ከሰማይ ነው የወረዱብኝ!" አለ። ማንም አልመለሰለትም። ሁላችንም ወደ ጋሽ ስማቸው ነበር የምናየው። እሳቸው ከጭቃው ውስጥ አንድ ቁራጭ ጠፍር አንስተው በጣታቸው እያሹ ነበር። እንደ ረጠበ አንጀት ይለመጣል።

ያኔ ነው የገባኝ። ሞፈር ማታ ቤት ይገባል። ጠፍሩ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ ያድራል፤ እርሻ ላይ ሲላላም ገበሬው ራሱ በእግሩ ረግጦ ያጠብቀዋል። ድልድዩ ግን ማታ የሚገባበት ቤት አልነበረውም። ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ጠፍር የምናውቅ ሰዎች፣ በማወቃችን ተማምነን ይህን ሳናስብ ቀረን። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት መሐንዲሱ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውንም በቀልድ ዝም አሰኘናቸው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ስድብ ይኖራል ብዬ ስጠብቅ አልተሳደቡም፤ ካሳም አልጠየቁም። ከታች የቀሩት ጉሬዛዎች ይጮኻሉ፤ ከላይ ያሉት ይመልሳሉ። ቄሰ ገበዙ ይህን እያዳመጡ ቆዩና፣

"ባለዕዳው ድልድዩ ነበር። ባለዕዳው ጠፋ። ዋሱስ አለ?" አሉ።

"አለሁ" አሉ ጋሽ ስማቸው።

"እንግዲያው ሕጉን ታውቃለህ፤ ዋስ የጠፋውን ይተካል። ማኅበራቸው ለሁለት ተከፍሏል። ተሻግረው እስኪገናኙ ድረስ ድልድዩ አንተ ነህ።"

ምሳሌ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ስማቸው ግን ቆባቸውን አውልቀው እጅ ሲነሱ፣ ምሳሌ አለመሆኑ ገባኝ፤ መንገዱ ላይ ቆመው መኪና እያስቆሙ ያሻግሯቸዋል ማለት ነው።

"ይህ አይሆንም" አሉ መሐንዲሱ። "የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሰው በዚህ ዝናብ ሊቆሙ አይችሉም።"

"ጌታዬ" አሉ ጋሽ ስማቸው፣ "ደሞዜን የሚከፍለው መንግሥት ነው። ቃሌን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። ከፈቀዱልኝ የመንገድ ዘበኛ ብለው ይመድቡኝ፤ ካልፈቀዱልኝም ቆሜ እገኛለሁ።"

በመጨረሻ መሐንዲሱ ፈቀዱ።

እንዲህ ሆነና ጋሽ ስማቸው በዘንግ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው፣ የቦቲ ጫማ አድርገው፣ ጆንያ ተከናንበው መንገዱ መካከል ቆሙ። ከታች ያሉት ጉሬዛዎች ጠዋትና ወደ ማታ ወደ ዳር ሲመጡ እሳቸው ቀዩን ጨርቅ ያነሳሉ፤ መኪና ይቆማል። ጉሬዛዎቹ ግንድ ግንዱን እስከ ግማሽ ወርደው መሬቱን ያዩና ይመለሳሉ። መኪና ይለቀቃል። በማግስቱ እንደገና። የእንጅባራ በረዶ ሲወርድ ጆንያው ላይ ሲንኳኳ ከቦዩ ውስጥ ሆነን እንሰማዋለን። ቄሰ ገበዙም በየጠዋቱ ዣንጥላ ይዘው መጥተው፣ ከዳር ቆመው አይተው ይሄዳሉ።

ሹፌሮች ይቀልዱባቸው ነበር። ከሁሉ የባሰው ሙላት ነው። በመስኮት ብቅ ብሎ፣

"ጋሽ ስማቸው! ዛሬስ የትኛው አቡን ነው የሚያልፈው? ተሳልሜ ልለፍ እንዴ?" ይላል።

"እግዜር ይባርክህ፤ ፍሬንህን ያዝ" ይሉታል።

"እርስዎ እኮ ድልድይ ነዎት፤ በላይዎ ላይ መንዳት ነበረብኝ!"

ረዳቱ እየሳቀ በሩን ይደበድባል። እኔ እናደድ ነበር፤ ጋሽ ስማቸው ግን ቅር ሲላቸው አላየሁም።

እኛ ሁለተኛ ድልድይ ሠራን፤ በዚህ ጊዜ በመሐንዲሱ ሽቦ። ሽቦው ቀርከሃውን እንዳይበላ ከሥሩ የአሮጌ ጎማ ላስቲክ ጠቀለልንበት። እኔ ራሴ ሄድኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። ጉሬዛዎቹ መጡ፣ ተቀመጡ፣ አዩት። አንዱ እንኳ ጣቱን አላሳረፈበትም። ተስፋ ቆረጥኩ። የጋሽ ስማቸውን ፊት እንዳላይ ዞር አልኩ።

አንድ ቀን ጋሽ ስማቸው ጨርቁን እያውለበለቡ በስሜ ጠሩኝ።

"ይበልጣል፣ ና እዚህ ቁም። ከታች እያቸው። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄዱ ምን ያደርጋሉ?"

"ይዘላሉ።"

"አየህ፣ እኛ ለእግረኛ ነው የሠራነው።"

"በጥር ተራምደውበት የለም እንዴ ጋሼ?"

"በጥር አምነውን ነበር። አሁን አያምኑንም። የማያምንህን ሰው እጁን ይዘህ አትጎትተውም፤ እጅህን ትዘረጋለህ፣ ከዚያ ትተወዋለህ።"

ድልድዩን አፈረስነው። ረጃጅም ቀርከሃ ከነቅጠሉ አመጣን። ወፍራሙን ጫፍ ከግንዱ ጋር በሽቦና በላስቲክ ጠፍረን፣ ቀጭኑን ወደ መንገዱ መካከል አዘነበልነው፤ ከዚህም ከዚያም፣ እንደተዘረጋ ክንድ። መካከሉን ክፍት ተውነው። መሐንዲሱ መጥተው ቀና ብለው አዩና፣

"መቼ ይጨረሳል?" አሉ።

"ተጨርሷል ጌታዬ" አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ራሳቸው የመኪናውን ጭነት ከፍታ ለክተው "ትንሽ ከፍ ይበል፤ የተቆለለ ኩንታል ጫፉን ይነካዋል" አሉ። ልክ ነበሩ፤ ከፍ አደረግነው።

ወዲያው አልመጡም። መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ሰማዩ በጠራ ጠዋት፣ ጋሽ ስማቸው ቀዩን ጨርቅ አነሱ። የቆመው የሙላት መኪና ነበር። ከታች አንድ ጎረምሳ ጉሬዛ እስከ ቀርከሃው ጫፍ ወጣ፤ ጫፉ ጎበጠ፤ ወረደ፣ ወጣ። ዘለለ። ባዶውን አየር አቋርጦ በወዲያኛው ክንድ ቅጠል ውስጥ ገባ። ቀርከሃው መሬት ሊነካ እስኪመስል ተለመጠና መልሶ ወደ ላይ ወረወረው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም፤ ነጩ ካባቸው በአየር ላይ እየተዘረጋ። የላይኞቹ ጩኸት ደኑን ሞላው። ሙላት ሞተሩን አላጠፋም፤ ግን አልቀለደም።

ቄሰ ገበዙ ዣንጥላቸውን አጠፉ። "ተገናኙ" አሉ። "ስማቸው፣ ዋስትናህ ወርዷል።"

ጋሽ ስማቸው አንድ እርምጃ ተራመዱና ወደቁ። ተሸክመን ዳር አስቀመጥናቸው። ጫማቸውን ሳወልቅ ቆዳቸው አብሮ መጣ። እግራቸው ነጭ ሆኖ ተልጧል፤ ሁለቱ ጣቶቻቸው ጠቁረዋል። ክረምቱን ሙሉ ምንም አላሉንም። ቄሰ ገበዙ አይተው ተንበረከኩ፤ የጋሽ ስማቸውን እግር በነጠላቸው ጠቀለሉ። ሐኪም ሁለቱን ጣቶች ቆረጠ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ስማቸው መሰላል አልወጡም፤ ዕቃ ቤት ተመደቡ።

ቀርከሃ ግን ይበሰብሳል፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ መቀየር አለበት። ሽማግሌዎቹ አዲስ ዋስ ሲጠይቁ እኔ የቄሰ ገበዙን መዳፍ መታሁ። ለዓመታት ቀርከሃውን እየቀየርኩ፣ ሽቦውን እያጠበቅሁ፣ በማታ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ፈተናውን አልፌ ኮሌጅ እንደተቀበለኝ ሲነገረኝ በደስታ ወደ ቄሰ ገበዙ ሮጥኩ።

"እንኳን ደስ ያለህ ልጄ" አሉ። "ዋስ ተካና ሂድ።"

አላሰብኩበትም ነበር። ጓደኞቼን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። የጋሽ ስማቸውን እግር ያየ ሰው እንዴት እሺ ይላል? አንዱ "ሚስቴ ታስወጣኛለች" አለ። ሌላው አካፋውን መጥረግ ያዘ። ልሄድ በተዘጋጀሁበት ቀን፣ ሻንጣዬን ይዤ፣ ቄሰ ገበዙ ባሉበት መንገዱ ዳር ቆሜ "እንግዲያው እቀራለሁ" ልል አፌን ስከፍት የሙላት መኪና መጣ።

"ደግሞ ምን ሆናችሁ? መንገድ ተዘጋ?" አለ በመስኮት።

ነገርኩት። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ወደ ቄሰ ገበዙ ሄደ።

"እኔ እሆናለሁ" አለ።

"አንተ?" አሉ ቄሰ ገበዙ። "ስትቀልድባቸው የኖርከው አንተ አይደለህም?"

"እኔ ነኝ።"

"ሹፌር ነህ፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ጫግኒ።"

"በየሳምንቱ በሥሩ አልፋለሁ፤ ቀርከሃውንም ራሴ ጭኜ አመጣለሁ።" ወደ መኪናው ዞር ብሎ ጎማውን አየ። "አባ፣ ያን ቀን ሁላችሁም ወደ ጋሽ ስማቸው ዞራችሁ። አንዷን የደፈጠጣት ግን የእኔ ጎማ ነው። ወርጄ ቆሜ ነበር። አንድ ሰው ስድብ እንኳ አልወረወረብኝም። እስከ ዛሬ የሚጠይቀኝ እየጠበቅሁ ነው።"

ያን ሁሉ ዓመት በየሳምንቱ ያለፈውን ሰው ፊት፣ ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር።

ቄሰ ገበዙ እጃቸውን ዘረጉ። ሙላት የእሱን በሱሪው ጠረገ፤ አየው፤ እንደገና ጠረገ፤ ከዚያ መታ።